ከቁስቋም እስከ ቁስቋም፤ ግብርን ትቶ ሕንፃን ስለ ማቆም

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፥ ከሽሮ ሜዳ በላይ ወደ እንጦጦ ተራራ ግርጌ ስንወጣ፥ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ ቁስቋም የተባለው ሰፈር ይገኛል። ስሙን ያገኘው ከቁስቋም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። የስሙ ዕድሜ ግን ከሰፈሩም ከከተማውም ዕድሜ እጅግ የራቀ ነው። ቁስቋም መጀመሪያ በላይኛው ግብፅ የሚገኝ ተራራ ስም ሲሆን፥ እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ በሸሸች ጊዜ ያረፈችበት ቦታ ነው ተብሎ በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን ይታሰባል። በአገራችን ይህን ስም በድንጋይና በኖራ ከፍ አድርገው ያቆሙት የጎንደሯ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ የጉለሌውም ቁስቋም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ግን የስሙን ጉዞ ሳይሆን የጣራውን ወጪ ነው። አንድ ታላቅ ቤት ከተሠራ በኋላ፥ ሠሪው ሲሞት፥ ወራሹም ሲደክም፥ ክረምት በመጣ ቍጥር የሚያፈሰውን ጣራ ማን ይድፈነው? ገንዘቡስ ከማን ኪስ ይውጣ? ይህ ጥያቄ ለብዙ ዘመን የጥቂት ሊቃውንት ጥያቄ መስሎ ሲታይ ቈይቶ፥ በ2016 ዓ.ም. በመዲናችን የኮሪደር ልማት ሥራ ሲዠመርና በፒያሳ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የሁላችንም ጥያቄ ሆነ። ስለ ምን ፈረሱ? ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። ሳይፈርሱ በፊት ባለፉት 50 ዓመታት ውስጥ ማን አደሳቸው? ብሎ መጠየቅ ግን ይከብዳል፤ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ፥ ማንም፥ የሚል ነውና።

በውጭ አገር ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ የግብር ማካካሻ የሚባለው ነው። መንግሥት ከካዝናው ገንዘብ አውጥቶ የሰውን ቤት አያድስም፤ ነገር ግን አሮጌውን ቤት በወጉ ላደሰ ሰው፥ ሊከፍል ከሚገባው ግብር ከፊሉን ይተውለታል። ይህ ዘዴ በብዙዎቻችን ዘንድ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ብልኀት ይመስላል። እኛ ግን ሐሳቡን ለኢትዮጵያ አዲስ ነው ለማለት አንደፍርም። ንጉሥ ግብሩን ትቶ አንድን ደብር የሚያቆምበት ሥርዐት በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረ ነው፤ እርሱም ጉልት የተባለው ነው።

መቼም ግብር የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ነገር ያስተምራል። በግእዙ ገብረ ማለት ሠራ፥ አደረገ ማለት ነው፤ ግብርም ሥራ ማለት ነው። ገበሬው ከምርቱ ለጌታው የሚያገባው እህልና ማርም ግብር ተባለ፤ ጌታው በአዳራሹ ሰብስቦ የሚያበላው ድግስም እንዲሁ ግብር ተባለ። ሥራውም፥ ክፍያውም፥ ማዕዱም በአንድ ቃል ተጠቃለሉ። ስለዚህ ንጉሡ ግብሩን ትቼልሃለሁ ባለ ጊዜ እንዲያው የሚሰጥ ስጦታ አልነበረም፤ በተተወው ክፍያ ፈንታ ሌላ ሥራ ይጠበቅ ነበርና።

እቴጌ ምንትዋብ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ከ1723 እስከ 1747 ዓ.ም.፥ ከዚያም የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ እስከ 1761 ዓ.ም. በነገሡበት ዘመን የመንግሥቱ ዋና ምሰሶ ነበሩ። ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ በኩል ባለው ኮረብታ ሥር የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን፥ በአጠገቡም ቤተ መንግሥታቸውን አሠሩ። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር በደረሰ ጊዜ ማረፊያ የተሰጠው በዚሁ በቁስቋም ግቢ ነበር፤ በዚያም በፈንጣጣ የታመሙትን የቤተ መንግሥቱን ልጆች ሲያክም ቈየ። እቴጌይቱ በ1765 ዓ.ም. ዐርፈው ዐፅማቸው በቁስቋም ተቀመጠ፤ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ዐፅምም ከእርሳቸው ጋር አለ።

እቴጌይቱ ሕንፃውን አሠርተው ብቻ አልተዉትም፤ እንደ ጊዜው ወግ ጉልት ተከሉለት። ጉልት ማለት ምን እንደ ሆነ ለዛሬ ተማሪ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። ንጉሡ ለደብሩ የሚሰጠው አፈሩን አይደለም፤ ገበሬው በርስቱ ላይ እንደ ተቀመጠ ይኖራል። የሚሰጠው ከዚያ መሬት ለመንግሥት ይገባ የነበረውን ግብር ነው። ግብሩ ወደ ንጉሡ ግምጃ ቤት መሄዱ ቀርቶ ወደ ደብሩ ይዞራል። ከዚህም ሌላ ሪም የሚባል መሬት ነበረ፤ ይህ ደግሞ ለየአገልጋዩ እየተለየ፥ ቅዳሴውን ለሚቀድሰው፥ ማሕሌቱን ለሚቆመው፥ መጽሐፉን ለሚያስተምረው የሚሰጥ ነው። ስጦታው ምስክር ተቈጥሮበት በደብሩ ወንጌል ላይ ይጻፋል፤ ያንን ሥርዐት የሚያፈርስም በሐዋርያት ሥልጣን እንዲወገዝ ይደረጋል። ዛሬ በነጋሪት ጋዜጣ የምናወጣው በዚያን ጊዜ በወንጌል ኅዳግ ይወጣ ነበር ቢባል ከእውነቱ የራቀ አይሆንም።

እርግጥ ነው፥ ጉልቱ ለጣራና ለግድግዳ ተብሎ ተለይቶ የተሰጠ ገንዘብ አልነበረም። ዋናው ነገር አገልግሎቱ ነበር፤ ዕጣኑ፥ ዘቢቡ፥ የካህናቱ ቀለብ። ነገር ግን አገልግሎት ያለበት ቤት ሰው ያለበት ቤት ነው፤ ሰው ያለበትም ቤት ሲያፈስ ወዲያው ይታወቃል። ከደብሩ ሹማምንት መካከል ገበዝ የሚባለው የቤተ ክርስቲያኑን ንብረትና ሕንፃ የሚጠብቅ ነበር። ክዳኑ ሲያረጅ ለአለቃው የሚናገር፥ ሣሩንና እንጨቱን የሚያስመጣ፥ ሕዝቡን ለሥራ የሚያስወጣ እርሱ ነው። እንግዲህ ሥርዐቱ ሦስት እግር ነበረው ማለት ነው፤ ግብሩን የሚተው ንጉሥ፥ በተተወው ግብር የሚኖርና በቤቱ የሚያገለግል ካህን፥ ቤቱ በእውነት መጠበቁን የሚያይ ገበዝ።

ይህን ሥርዐት እንከን እንዳልነበረው አድርገን ልናቀርብ አንፈልግም። ሪሙ በጎንደር ዘመን እየተሸጠና እየተለወጠ ካህናት ወዳልሆኑ ሰዎች እጅ ይገባ ነበር፤ መኳንንትና ወይዛዝርት እየገዙት፥ አገልግሎቱን ሌላ ሰው ቀጥረው ያስፈጽሙ ነበር። የሽያጩ ውል በየደብሩ መጻሕፍት ላይ ተጽፎ ዛሬም ይገኛል። የተተወው ግብርና የሚጠበቀው ሥራ እየተራራቁ ሲሄዱ፥ ከግብሩ የሚበላው ሰው ይበዛል፤ ለሕንፃው የሚተርፈው ግን ያንሳል።

ሒሳቡን በግልጽ የጠየቁት ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። ሠራዊት የሚቀልቡበት ገንዘብ ባነሳቸው ጊዜ፥ ለመሆኑ አንድ ቤተ ክርስቲያን ስንት አገልጋይ ያስፈልገዋል? ብለው ከካህናቱ ጋር ተከራከሩ። ለአንድ ደብር 2 ቄስና 3 ዲያቆን ይበቃዋል፤ ከዚያ የሚተርፈው መሬት ግብር ለሚገብር ገበሬ ይሰጥ ብለው ቈረጡ፤ በ1852 ዓ.ም. ግድምም ይህን በሥራ ለማዋል ተነሡ። በዚህም ከካህናቱ ጋር የማይበርድ ጠብ ውስጥ ገቡ። ንጉሡ በነገሩ አፈጻጸም ትክክል ነበሩ አልነበሩም የሚለውን ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወው፤ በኋላ በ1859 ዓ.ም. በጎንደር ከተማና በአብያተ ክርስቲያናቷ ላይ ያደረሱት ጥፋትም ምክንያት የሚገኝለት አይደለም። ጥያቄያቸው ግን ዛሬም በየአገሩ የገንዘብ ሚኒስቴር ጠረጴዛ ላይ አለ። መንግሥት የሚተወው ግብር መንግሥት የሚያወጣው ገንዘብ ነው፤ እንግዲያስ በዚህ ገንዘብ የተገዛው ምንድር ነው? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደብርን ይጠላል ሊባል አይገባም።

አሁን ወደ ሕንፃው እንመለስ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ከጠፉት መካከል ነበረች። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር እጅግ ያስደንቀናል። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ገና ተሠራ፤ ዛሬም ይቀደስበታል። በዚያው ቅጥር ውስጥ፥ በአንድ ሰው ትእዛዝ፥ በአንድ ዘመን የተሠራው ቤተ መንግሥት ግን ጣራ እንደሌለው ቀረ፤ ጌጥ የተቀረጸበት ግድግዳው ብቻ ቆሞ ይታያል። ድንጋዩ አንድ ነው፥ ኖራው አንድ ነው፥ የደረሰበትም እሳት አንድ ነው። ልዩነቱ ቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይና ምእመን ያለው መሆኑ፥ ቤተ መንግሥቱ ግን እቴጌይቱ ካለፉ በኋላ የሚኖርበትም የሚያገለግለውም ሰው ማጣቱ ነው። የቁስቋም ፍራሽ በ1979 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ መመዝገቡ ክብር ነው፥ ጣራ ግን አይሆንም።

የጉልት ሥርዐት ፍጻሜ በተለያየ ጊዜ የመጣ ነው። በ1958 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች በተከታታይ ቍጥር ወጡ። ቍጥር 229 ስለ ጥንታዊ ቅርሶች ጥበቃ የሚናገር ሲሆን፥ ቍጥር 230 የመሬት ግብርን አሻሽሎ ርስተ ጉልትና ሲሶ ጉልት የሚባሉትን ይዞታዎች ያስቀረ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ለሚያነብ ሰው ነገሩ ያስገርማል፤ አንደኛው አሮጌውን ሕንፃ ጠብቁ ይላል፥ ሁለተኛው ግብርን ለሰው የመተውን አሮጌ ልማድ መዝጋት ይዠምራል፤ የተዘጋውን በምን እንተካው? የሚል ግን በሁለቱም መካከል የለም። ደግሞም አዋጅ ቍጥር 229 ቅርስ ብሎ የሚጠራው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነበር። አዲስ አበባ የተቈረቈረችው በ1879 ዓ.ም. መሆኑን የሚያስታውስ አንባቢ ወዲያው እንደሚረዳው፥ በዚያ ሕግ ዐይን መዲናችን አንድም አሮጌ ቤት አልነበራትም። የምኒልክ ዘመን መኳንንት ቤቶች፥ እነ ሐጂ ቀዋስን የመሳሰሉት የህንድ ባለ እጆችና እነ ሚናስ ኸርበኪያን ያሉት አርመኖች የሠሯቸው፥ ምድር ቤታቸው ድንጋይ በጭቃ፥ ላይኛው እንጨት፥ ዙሪያቸውን በረንዳ፥ ጣራቸው ቈርቈሮ የሆኑት ቤቶች ሁሉ ለሕጉ ገና ሕፃናት ነበሩ።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ የቤተ ክርስቲያን ጉልትና ሪምም በዚህ አበቃ። ጭሰኛው ከጫንቃው ላይ የወረደለትን ሸክም የሚያውቅ ሰው ጉልት ለምን ቀረ ብሎ አያዝንም፤ እኛም አናዝንም። አብያተ ክርስቲያናቱ ግን ከሁለት ዓመት በፊት፥ በ1965 ዓ.ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በቃለ ዐዋዲው የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤ ነበራቸው፤ ምእመናን እያዋጡ ጣራውን መክደን ቻሉ። ለመኖሪያ ቤቶች ግን እንዲህ ያለ ጉባኤ አልነበራቸውም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የቤት ኪራይ እንደየደረጃው ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆነው ቤቶች ለቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ። ከታላላቆቹ አሮጌ ቤቶች አንዳንዶቹ መሥሪያ ቤት፥ አንዳንዶቹ ትምህርት ቤት ሆኑ፤ ብዙዎቹ ግን ክፍል ክፍላቸው ለየቤተ ሰቡ ታደለ። ድሀው መጠለያ አገኘ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ኪራዩ በቆመበት ሲቆም፥ የሲሚንቶውና የቈርቈሮው ዋጋ ወደ ላይ ሄደ። ቀበሌው ከሚሰበስበው ኪራይ ቤቱን ማደስ አልቻለም፤ ተከራዩም ነገ ልነሣ እችላለሁ በሚለው ቤት ላይ ገንዘቡን አያወጣም፤ የቀድሞው ባለቤትም የማይገባው ሆነ። ከንጉሡ፥ ከካህኑና ከገበዙ ሦስት እግር አንዱም ያልቀረለት ቤት ክረምቱን በአሸንዳው ዝገት መቍጠር ጀመረ። አሮጌ ቤት መፍረስ የሚዠምረው ከአሸንዳ ነው። አሸንዳው ሲበሳ ውሃው በግድግዳው ይወርዳል፤ ጭቃው ይላላል፤ ማገሩ ይበሰብሳል፤ ከ20 ክረምት በኋላ አንድ መሐንዲስ መጥቶ ለአደጋ የሚያሰጋ ነው ብሎ ይጽፋል፤ የጻፈውም እውነት ነው።

የቅርስ ሕግም በዚህ መካከል ሰፋ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 209 የቅርስ ባለቤት ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ግዴታ ይጥልበታል፤ የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ ዐቅም በላይ ሲሆንም መንግሥት በከፊል ሊረዳው እንደሚችል ይናገራል። ሊረዳ ይችላል የሚለው ቃል ግን ከበጀት ዓመት ወደ በጀት ዓመት ሲሻገር የሚደክም ቃል ነው፤ በመሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ግዴታው የጸና ሆኖ ርዳታው የሚመጣ እንደ ሆነ ብቻ ሲሆን፥ ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበበት ሰው ምዝገባውን እንደ ቅጣት ያየዋል። ሌሊት አሸንዳውን እየነቀለ የክረምቱን ዝናብ የሚጋብዝ ባለቤት ቢገኝ ልንደነቅ አይገባንም።

በዚህ ረገድ ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ? በፈረንሣይ አገር የባህል ሚኒስትር በነበረው በደራሲው አንድሬ ማልሮ ስም የሚጠራው ሕግ ነሐሴ 4 ቀን 1962 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ወጣ። አንድን ቤት ብቻ ሳይሆን ሰፈሩን በሙሉ ለይቶ የሚጠብቅ ነበር፤ በ1964 የሊዮን ከተማ አሮጌ ሰፈር የመጀመሪያው ሆነ። ከጊዜ በኋላም በእነዚህ ክልሎች ቤቱን ለሚያድስ ባለቤት የግብር ቅናሽ ተጨመረ።

የአሜሪካው ሕግ ታሪክ ግን ለእኛ ይበልጥ የሚያስተምር ይመስለናል። በዚያ አገር እስከ 1976 ድረስ የግብሩ ሕግ ራሱ አፍራሽ ነበር። አሮጌውን ቤት የሚያፈርስ ሰው የማፍረሻውን ወጪ ከገቢው ይቀንስ ነበር፤ በቦታው አዲስ ለሚሠራውም ቶሎ የሚታሰብ የእርጅና ቅናሽ ይፈቀድለት ነበር። ስለዚህ ማደስ ፍቅር ሲጠይቅ፥ ማፍረስ ግን ሒሳብ ብቻ ይጠይቅ ነበር። በ1976 ይህ ተገለበጠ። በ1981 ታሪካዊ ሕንፃን ለሚያድስ ሰው ካወጣው ወጪ 25 በመቶ፥ ከ1986 ወዲህም 20 በመቶ ከግብሩ እንዲታሰብለት ሆነ፤ በ2017 ደግሞ ይህ ማካካሻ በአንድ ጊዜ መሰጠቱ ቀርቶ በ5 ዓመት ተከፋፈለ። በዚህ መንገድ ከ45 ሺህ በላይ ሕንፃዎች ታድሰዋል፤ ከግል ባለ ሀብቶች ኪስ የወጣውም ገንዘብ ከ100 ቢሊዮን ዶላር ያልፋል።

ነገሩን በእኛ ብር ብናስበው ይቀላል። አንድ ነጋዴ አሮጌ ቤት ለማደስ 1 ሚሊዮን ብር አወጣ እንበል። የ20 በመቶ ማካካሻ ቢፈቀድለት 200 ሺህ ብር ከግብሩ ይታሰብለታል፤ በ5 ዓመት ሲከፋፈል በየዓመቱ 40 ሺህ ብር ነው። ይህ ከተራ ተቀናሽ ይለያል። ተቀናሽ ግብሩ ከሚሰላበት ገቢ ላይ ይነሣል፤ ስለዚህ በ30 በመቶ ለሚገብር ድርጅት 100 ብር ተቀናሽ የሚያተርፈው 30 ብር ነው። ማካካሻ ግን ከግብሩ ከራሱ ላይ ይነሣል፤ 20 ብር ከተባለ 20 ብር ነው፤ በአሜሪካ ደግሞ ከተለመደው የእርጅና ቅናሽ ጋር ተደርቦ የሚሰጥ ነው። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ስጦታ ከሚገበርበት ገቢ እስከ 10 በመቶ እንዲቀነስ መፍቀዱ የዚህ ዐይነት ሐሳብ በሕጋችን እንግዳ አለመሆኑን ያሳያል።

ከቍጥሩ ይልቅ ግን ልናስተውለው የሚገባን የአሜሪካው ሕግ ያስቀመጠው ግዴታ ነው። ሕንፃው ገቢ የሚያስገኝ፥ ማለት በሥራ ላይ ያለ መሆን አለበት፤ ሆቴል፥ መደብር፥ የሚከራይ መኖሪያ። ባለቤቱ ከእድሳቱ በኋላ 5 ዓመት ሳይሞላ ቢሸጠው የተተወለትን ግብር እንደ ዓመቱ መጠን ይመልሳል። ሥራውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በክፍለ ግዛቱ የቅርስ መሥሪያ ቤትና በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ይመረመራል፤ ለዚህም 10 የእድሳት መመዘኛዎች አሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ሊጠገን የሚችለውን ነገር በአዲስ መለወጥ አይገባም የሚል ነው። ግብሩን የሚተው፥ በቤቱ የሚያገለግል፥ መጠበቁን የሚያይ። በጎንደር ቁስቋም ያየናቸው ሦስት እግሮች በሌላ ስም እነሆ ቆመዋል። ልዩነቱ በጎንደር ግብሩን የከፈለው ገበሬ ስለ ጉዳዩ ያልተጠየቀ መሆኑ ነው።

ይሁንና ይህን ሕግ ቃል በቃል ገልብጠን ብናመጣው በአዲስ አበባ ብዙ ቤት ያድሳል ብለን አናምንም። የመጀመሪያው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ የመንግሥት ናቸው። መንግሥት ለራሱ ግብር አይገብርም፤ የሌለ ግብር ደግሞ አይተውም። በእጃቸው የቀረላቸው ወራሾችም ቢሆኑ፥ የሚከፍሉት የጣራና የግድግዳ ግብር በሙሉ ቢማርላቸው፥ የአንድ ታላቅ ቤት በረንዳ የሚያስጠግን አይሆንም። ሁለተኛው ምክንያት ቦታው ነው። የሊዝ ሥርዐት በ1986 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ በመሀል ከተማ ያለ ቦታ ዋጋው ከላዩ ከቆመው ቤት እጅግ በልጧል፤ ባለ አንድ ፎቅ አሮጌ ቤት ያለበትን ቦታ ለባለ 20 ፎቅ መስጠት ለከተማው ካዝና ገቢ ነው። አሜሪካ እስከ 1976 የነበረችበት ቦታ ላይ እኛም በሌላ መንገድ ቆመናል ማለት ነው፤ ማደስ ፍቅር ይጠይቃል፥ ማፍረስ ሒሳብ።

ስለዚህ ለእኛ የሚስማማው፥ በእኛ አስተያየት፥ ግብሩን ከቤቱ ሳይሆን ከአዳሹ ላይ መተው ነው። የመንግሥት የሆነውን አሮጌ ቤት ለረዥም ዘመን፥ ለ30 ወይም ለ40 ዓመት፥ በውል ለሚይዝ ሰው ወይም ማኅበር ይሰጥ፤ ለእድሳቱ ያወጣው ገንዘብ ከኪራዩና ከንግድ ግብሩ ይታሰብለት፤ ቤቱን ቢያስፈርስ ወይም ቢያበላሽ የታሰበለትን ይመልስ። በሐረር ከተማ የራስ ተፈሪ መኖሪያ የነበረው ቤት አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የሰበሰቧቸው ቅርሶች ሙዚየም እንዲሆን መሰጠቱ ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው፤ መንግሥት ቤቱን ሰጠ፥ እርሳቸው በውስጡ ሕይወት አኖሩ። የአዲስ አበባው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልም ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ከጎዳው በኋላ ታድሶ እንግዳ ለመቀበል የበቃው ሆቴል በመሆኑ ነው፤ እንግዳ የሌለው አዳራሽ ቢሆን ኖሮ አመዱ ላይ ሣር ይበቅልበት ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ሰዎች ይኖራሉ። በአንድ የመኳንንት አዳራሽ ውስጥ በጋዜጣና በኮምፔንሳቶ ግርዶሽ ተከፋፍለው ልጆች ያሳደጉ፥ ሙሾ ያወረዱ፥ ሠርግ የደገሱ ቤተ ሰቦች አሉ። ባለ ሀብቱ ግብር ተትቶለት ቤቱን ሲያሳምር እነርሱ ወደ ከተማው ዳር የሚጣሉ ከሆነ፥ የጎንደሩን ገበሬ ነገር ደገምነው። የእድሳቱ ውል የነዋሪውን ምትክ ቤት በቅርቡ ያለ ቦታ ጨምሮ ካልያዘ፥ ግብሩን ማስተዉ ፍርደ ገምድል ይሆናል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ይበል። ሒሳብ ሲሠራ ሙሉው ይሠራ።

ደግሞም የታላላቆቹን ቤተ መንግሥቶች እድሳት አይተን ነገሩ ሁሉ ተፈጸመ ልንል አይገባም። የዳግማዊ ምኒልክ ግቢ ታድሶ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በአንድነት ፓርክ ስም ለሕዝብ መከፈቱ የሚያስደስት ነው። እንዲህ ላለው ሥራ የመንግሥት ዐይንም እጅም ይደርሳል። የሚያሳስበን የመካከለኞቹ ቤት ነው። ከቁስቋም ብዙም ሳይርቅ፥ በዚያው በጉለሌ፥ የቤኒ ሻንጉሉ ገዥ የሼኽ ሖጀሌ አል ሐሰን ቤት ያለበት አገር አለ፤ ሕዝቡ የሼኹን ስም በአፉ አለዝቦ ሰፈሩን ሸጎሌ ብሎታል። አንድ ሰፈር ስሙን ከአንድ ቤት ባለቤት ሲያገኝ ቤቱ የሰፈሩ መዝገብ ነው። ሸጎሌን የመሰለ ስንት ሰፈር በመዲናችን እንዳለ አንባቢ ያስበው።

በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። አፈጻጸሙ ወደ ክልሎችና ወደ ከተማ አስተዳደሮች የሚወርድ ስለ ሆነ፥ አሮጌ ቤት በዚህ ግብር ፊት እንዴት ይታይ? የሚለው ጥያቄ በየደንቡ ረቂቅ ላይ መነሣት ያለበት ጊዜው አሁን ነው። ቤቱ የሚገመተው በቆመበት ቦታ የንግድ ዋጋ ከሆነ፥ ግብሩ ራሱ አፍራሽ ይሆናል፤ በሚሰጠው አገልግሎት ከሆነ ግን ቤቱ ዕድሜ ያገኛል።

ከቁስቋም ሽቅብ፥ በእንጦጦ ማርያም አጠገብ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የነበሩበት ዘመን ቤተ መንግሥት አለ። ግድግዳው ጭቃ፥ ክዳኑ ሣር ነው። ሣር ክዳን በጥቂት ዓመት ውስጥ ያረጃል፤ ያም ሆኖ ቤቱ ቆሟል። የጎንደሩ የድንጋይና የኖራ ቤት ግን ጣራ አልባ ነው። የሣሩን ቤት ያቆመው ጽናቱ አይደለም፤ በየጊዜው መከደኑ ነው። ስለዚህ ስለ እድሳት የሚወጣ ሕግ ሁሉ አንድ ተቈጣጣሪ ሊኖረው ይገባል፤ ማዕረጉ ምንም ቢባል ሥራው የገበዝ ሥራ ነው። ይህ ሰው ወረቀት በጽሕፈት ቤት ተቀብሎ ማኅተም የሚመታ ብቻ እንዳይሆን፥ በዓመት ሁለት ጊዜ ቤቱ ድረስ ይሂድ፤ አንድ ጊዜ በግንቦት፥ ክረምት ሳይገባ፥ መሰላል ይዞ አሸንዳውን ለማየት፤ አንድ ጊዜ በመስከረም፥ ውሃው በየት በኩል እንደ ገባ ከግድግዳው ላይ ለማንበብ። የዚያ ዓመት የግብር ማካካሻ የሚፈቀደው በመስከረሙ ማስታወሻ ላይ ተመሥርቶ ይሁን።